በኪሴ የቀረው አንድ ገጽ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ቢሮ ውስጥ ኬክ ተቆረጠ። ወጣቶቹ ጠበቆች «ሚስተር ወርቅነህ፣ ስፒች! ስፒች!» እያሉ ያዙኝ። እኔም ዳኛው «ስምዎ ማን ነው?» ቢሏቸው ሩብ ሰዓት ያህል ቆመው ስለመረቋቸው የእኛ አገር አዛውንት ነገርኳቸው። ያን ሁሉ ምርቃት «ስማቸውን ሊነግሩዎት ነው» ብዬ በአንድ ዐረፍተ ነገር መተርጎሜን ስነግራቸው ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። መኪናዬን አስነስቼ ወደምኖርበት ሰፈር፣ ወደ ሴንቴኒያል ሂልስ ስመለስ ግን ሳቁ መንገድ ላይ ጥሎኝ ሄደ። የሥራ ዘመኔ በምርቃት ተረት የሚያልቅ አይደለም። ያልተናገርኩት አንድ መዝገብ አለ፤ የዘሀራ ነው። ሰው ሳያስገድደኝ ልጽፈው ቁጭ ብያለሁ።

ከሩቁ ልጀምር። አዲስ አበባ ሳለሁ ለዐሥራ ሦስት ዓመት የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ ማኅተም መምታት፣ ፋይል ማውጣት፣ ፋይል መመለስና ቀን መቁጠር ነው። ይግባኝ የሚባልበት ጊዜ ያለፈበት ሰው ማስፈቀጃ ይዞ ይመጣል፤ «በቂ ምክንያት ስላለኝ ጊዜው ቢያልፍም ይፈቀድልኝ» የሚል አቤቱታ ነው። ታምሜ ነበር ይላል፤ ጠበቃዬ ጠፍቶብኝ ነው ይላል፤ ሐዘን ደርሶብኝ ነው ይላል። እኔ ከመስኮቱ ወዲህ ማኅተሜን ይዤ በሆዴ «ምን ሲሠራ ከርሞ ነው?» እል ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ለእነዚያ ሰዎች የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ወጣትነት ነው፤ ቀን ያላለፈበት ሰው ልበ ደንዳና ነው።

ዲቪ ደርሶኝ ላስ ቬጋስ ስመጣ የመዝገብ ቤት ልምዴን የሚፈልግ አልነበረም። ሁለት ዓመት ሆቴል በር ላይ የሰው መኪና ፓርክ ሳደርግ፣ አራት ዓመት ደግሞ ኤፔክስ ከሚገኙት መጋዘኖች በአንዱ ካርቶን ስደረድር ኖርኩ። ወገቤ እምቢ ያለው እዚያ ነው። እዚያው አብሮኝ የሚሠራ አንድ ያገሬ ሰው ያለአግባብ ተባርሮ ስለነበር ላስተረጉምለት ጠበቃ ዘንድ አብሬው ሄድኩ። ጠበቃዋ ሚስ ካሮል ይባላሉ። ያኔ ስድሳን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት ነበሩ። ቢሯቸው በጥፍር ማስዋቢያ ቤትና በጎማ ጥገና መካከል የተሸጎጠ ነው። የጓደኛዬን ደብዳቤዎች አንድ በአንድ ሳስረክባቸው ፖስታዎቹንም አብሬ ሰጠኋቸው።

«ፖስታውን ለምን አልጣላችሁትም?» አሉኝ።

«ደብዳቤው የተጻፈበት ቀን ሌላ፣ የተላከበት ቀን ሌላ ነው። የተላከበት ያለው ፖስታው ላይ ነው።»

መነጽራቸውን አድርገው አዩኝ። «ሰኞ ና» አሉኝ። ደመወዙ ከመጋዘኑ ያንስ ስለነበር ባለቤቴ አንድ ሳምንት አኮረፈችኝ። እኔ ግን ሰኞ ሄድኩ፤ እዚያው አረጀሁ።

ሚስ ካሮል የሚይዙት የአድልዎ ክስ ብቻ ነው። በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዕድሜው ከሥራ የተገፋ ሰው ይመጣል፤ እሳቸው ቡና እንኳ ሳይጋብዙ በእርሳስ መጻፍ ይጀምራሉ። እንደ እሳቸው ቀን የሚፈራ ሰው አላየሁም። እያንዳንዱን ቀነ ገደብ ሦስት ቦታ ይጽፉታል፦ ግድግዳው ላይ፣ ቦርሳቸው ውስጥ ባለ ካርድ ላይ፣ ስልካቸው ጀርባ በለጠፉት ወረቀት ላይ። ወጣቶቹ ኮምፒውተሩ ያስታውስዎታል እያሉ ቢስቁባቸውም «ኮምፒውተር አይደነግጥም፤ እኔ እደነግጣለሁ» ይላሉ። ሰው በመሐላ የሚፈርመውን ቃል ፈራሚው ፊት ጮክ ብለው ሳያነቡ አያስፈርሙም። ሁልጊዜ የሚጠይቁት ጥያቄ ደግሞ አንድ ነው፦ «ይህን ስታውቅ የት ቆመህ ነበር?»

መጀመሪያ ይህ ጥያቄ ከንቱ ይመስለኝ ነበር። አንድ የወጥ ቤት ሠራተኛ አለቃው በትውልዱ እየሰደበ ከሥራ እንዳስወጣው ነገረን፤ ምስክር ግን የለኝም አለ። ሚስ ካሮል የት ቆሞ እንደነበር ጠየቁት። «በረዶ የሚሠራው ማሽን ጋ» አለ። ማሽኑ ይጮሃል ወይ አሉት። ይጮሃል። ታዲያ አለቃህ እንድትሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር ማለት ነው፤ ከማሽኑ ወዲያ ማን ነበር? ሰውየው ግንባሩን መታ። ሳህን የምታጥብ አንዲት ፊሊፒናዊት ነበረች። እሷን አገኘን፤ ክሱንም በእሷ ቃል ረታን። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም ቤቴ ሳይቀር «የት ቆመሽ ነበር?» ማለት ለመድኩ፤ ባለቤቴን አሰለቸኋት።

ዘሀራ የመጣችው ብዙ ዓመት ከሠራሁ በኋላ ነው። የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ፣ ንግግሯ ቀጥ ያለ፣ ስቃ የማትጠግብ። የአንድ ትልቅ ሆቴል ሎቢ ውስጥ እንግዳ ተቀብላ መንገድ የምታሳይ ነበረች፤ እንግሊዝኛዋ ለእንግዳ ቢበቃም የሕጉን ነገር ግን በእኔ በኩል ነበር የምትነጋገረው። ስድስት ዓመት ሻሿን እንደለበሰች ሠርታለች። አዲስ አለቃ መጣና ወይ ሻሿን እንድታወልቅ ወይ ታች ላውንደሪ እንድትወርድ ነገራት። አላወልቅም አለች። ወደ ምድር ቤት ወረደች፤ አንሶላ ከትልቁ ማሽን እየጎተተች ማጠፍ ሆነ ሥራዋ። ቲፑ ቀረ፤ ሰዓቷም ተቀነሰ። ክንዷ ላይ የማሽኑ ብረት ያቃጠላትን ጠባሳ ገልጣ አሳየችን። ሚስ ካሮል ምን እንደምትፈልግ ጠየቋት።

«ይንገሯቸው ጋሼ» አለችኝ። «ወደ ላይ መመለስ ነው የምፈልገው። በሻሼ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ክሱ ሁለት ዓመት ፈጀ። ሆቴሉ ወደ ታች የወረደችው ለሥራ ፍላጎት ነው እንጂ ከሻሽ ጋር አይገናኝም ብሎ ተከራከረ። አለቃው ለሌላ አለቃ የጻፋት አንዲት አጭር ኢሜይል ነበረችን፤ «ያቺ ሻሽ የለበሰችው ከሎቢ ካልወጣች ሎቢው አይስተካከልም» ትላለች። ዳኛው ግን ኢሜይሏን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ መዝገቡን ያለ ችሎት ክርክር ዘጉት። ሚስ ካሮል ውሳኔውን ሁለት ጊዜ አነበቡና «ይህ በይግባኝ ይገለበጣል» አሉ። ስለ ይግባኝ እንዲህ ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። ይግባኙን የማሳወቂያው ጊዜ ሠላሳ ቀን ነው። የሚሞላውም አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ የሚከብደው ክርክር በኋላ ይመጣል። ነገር ግን ያለ ደንበኛቸው ቃል አይፈርሙም። «ዛሬ ደውልላት። ዳኛው ምን እንዳሉ ንገራት፤ ይግባኝ እንበል ወይስ ይብቃ፣ መልሷን አምጣልኝ» አሉኝ።

ውሳኔው ከተሰጠ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ደወልኩ፤ ሺፍት ላይ ስለነበረች አላነሳችም። ሰዓት ሳይሞላ የእኔ ስልክ ጮኸ። ጋሽ ሰይድ ናቸው። የወሎ ሰዎች ሽማግሌ፣ ዕድሜያቸውን በታክሲ የጨረሱ፣ አሁን ማውንተንስ ኤጅ የሚባል ሰፈር ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ ሁላችንም የምናከብራቸው ሰው።

«ወርቅነህ፣ የዘሀራ እናት ትናንት አርፋለች» አሉኝ። «ወንድሟ ሊያስታምማት ሄዶ እዚያው ነው። እኔ ሳልመጣ እንዳትነግሯት ብሎ አደራ ብሎናል። አንተ የፍርድ ቤቱን ነገር ይዘህ ስለምትደውልላት ቀድሜ ልንገርህ ብዬ ነው።»

«እግዜር ያጽናት» አልኩ። ቀጠልኩና ኬዟ መውደቁን፣ ዛሬ ልነግራት እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ተው» አሉኝ። «ኬዙ ወደቀ ብትላት መጀመሪያ የምትደውለው ለማን ነው? ለእናቷ። ማን ያነሳላታል? ድምፅህስ ቢሆን ያሳብቅብሃል። ልጁ እስኪመጣ ታገስ።»

«ቀን አለው፣ ጋሼ።»

«ስንት ቀን?»

«ሠላሳ።»

«ታዲያ ሠላሳ ቀን ብዙ አይደል?»

አገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር አንባቢ ያውቀዋል። በስልክ አይነገርም፤ በአንድ ሰው አይነገርም፤ ሥራ ቦታ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ በር ተንኳኩቶ ነው። እስከዚያው ሁሉም ያውቃል፤ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም። ይህን የምናደርገው በክፋት አይደለም። እኔ ራሴ የአባቴን ሞት የሰማሁት በዐሥራ አንደኛው ቀን ነው፤ የደበቁኝንም ሰዎች መርቄያለሁ። ስለዚህ ጋሽ ሰይድ ያሉት ልክ መሰለኝ። ዛሬ ሳስበው ስህተቱ እዚህ ላይ አልነበረም ብዬ ራሴን ማታለል ያምረኛል።

ማታለሉን ግን በማግስቱ ጀመርኩት። ሚስ ካሮል «አገኘሃት?» ብለው ጠየቁኝ። እውነቱን ብነግራቸው የዚያኑ ዕለት መኪናቸውን አስነስተው ሆቴሉ በር ላይ ይጠብቋታል፤ ፈረንጅ መርዶ አያውቅም አልኩ በልቤ። «እያሰበችበት ነው» አልኳቸው። በሳምንቱም ጠየቁኝ፤ «እያሰበችበት ነው።» በሁለት ሳምንቱ ካርዳቸውን አውጥተው አሳዩኝ። «አይዞዎት፣ ትመልሳለች» አልኳቸው። የወንድሟ መምጫ ደግሞ ዛሬ ነገ እየተባለ ተጓተተ፤ የሐዘኑ ሰው አልበተን አለው፣ ቲኬቱ ተለወጠ፣ ሌላም ሌላም። ዘሀራ በመካከሉ አንድ ቀን ራሷ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ ዳኛው እስካሁን ዝም?»

«ዝም ነው፣ እህቴ» አልኳት።

እዚህች ላይ ነው ያለቅሁት። እስከዚህ ድረስ አለመናገር ነበር፤ ይህኛው ግን ውሸት ነው። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ቀን የቆጠርኩ ሰው፣ ውሳኔ በወጣ በዐሥራ ስምንተኛው ቀን ባለጉዳይዋን ውሳኔ የለም አልኳት።

ወንድሟ የገባው በሃያ ሰባተኛው ቀን ነው። መርዶው በሃያ ስምንተኛው ቀን ማለዳ ተነገረ። ለቅሶው ጋሽ ሰይድ ቤት ተቀመጠ። ሚስ ካሮል ለሌላ ጉዳይ ሬኖ ከተማ ሄደው ስለነበር ይግባኙን የምታሳውቀውን ገጽ ሞልተው ትተውልኝ ነበር። «ቃሏን ብቻ ስጠኝ፤ ካለሁበት በኮምፒውተር አስገባዋለሁ» አሉኝ። በሠላሳኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ገጿን አጥፌ ኮት ኪሴ አስገብቼ ወደ ማውንተንስ ኤጅ ነዳሁ።

ጫማው ከበሩ አልፎ ግቢው ድረስ ተደርድሯል። ዘሀራ ፍራሽ ላይ ሴቶች መሐል ተቀምጣ ነበር፤ ድምፅዋ ተዘግቷል። ጎንበስ ብዬ ትከሻዋን ያዝኩ። አንዲት ሴት ቦታ ለቀቀችልኝና አጠገቧ ቁጭ አልኩ። እጄ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ወረቀቷ በጣቶቼ መካከል ነበረች። «አንድ ቃል ብቻ፣ እህቴ» ልላት አፌን ከፈትኩ። ዘሀራ ግን ቀደመችኝ።

«ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ሰው ያውቅ ነበር» አለችኝ። «የምሸምትበት ባለሱቅ ያውቅ ነበር። ጎረቤቴ ታውቅ ነበር። እርስዎም ያውቁ ነበር?»

ሴቶቹ ሁሉ አዩኝ። ጋሽ ሰይድ ከማዶ አዩኝ።

«እኔስ አልሰማሁም ነበር» አልኳት።

እጄን ያዘችኝ። «እርስዎ እንኳ» አለችና አለቀሰች። የምታምነው አንድ ሰው አድርጋ ልትይዘኝ ነበር። እንዴት አድርጌ ከኪሴ ሌላ የተደበቀ ነገር አወጣላታለሁ? ስልኬ ጮኸ፤ ሚስ ካሮል ናቸው። አላነሳሁም። ለዘሀራም ደውለው ኖረዋል፤ ስልኳን ግን ሴቶቹ ከመርዶው ጀምሮ ወስደው አጥፍተውታል። ሻይ ጠጣሁ። ዱዓው ሲደረግ ከክርስቲያኖቹ ጋር አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ከዚያም ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ ቀኑም አለፈ።

በማግስቱ ለሚስ ካሮል ግማሹን ብቻ ነገርኳቸው። እናቷ ሞታ ሐዘን ላይ ናት፤ የመጨረሻ ቃሏን መቀበል አልቻልኩም አልኳቸው። አልጮኹም። «አንድ ቀን ነው ያለፈው፤ ማራዘሚያ እንጠይቃለን» አሉና ኮታቸውን ሳያወልቁ መጻፍ ጀመሩ። እኔ አገሬ ከመስኮት ወዲህ የናቅሁት ማስፈቀጃ ይኸው በራሴ እጅ መጣ። እዚህም እንደዚያው በቂ ምክንያት ይፈለጋል፤ ጊዜው ለምን አለፈ፣ በቅን ልቦና ነው ወይስ አይደለም ይባላል። ምክንያቱን በመሐላ ቃል የምሰጠው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ከደንበኛዋ ጋር የምገናኘው እኔ ነበርኩና።

«የእናቷን መሞት መቼ ሰማህ? የት ቆመህ ነበር?» አሉኝ ሚስ ካሮል እርሳሳቸውን ይዘው።

«ማውንተንስ ኤጅ፣ ለቅሶ ቤቱ በር ላይ። ጫማ ሳወልቅ» አልኳቸው።

ጫማ ማውለቄ እውነት ነው። ጫማው ስላለበት አመኑኝ። ቃሌን ጮክ ብለው አነበቡልኝ፦ ደንበኛችን እናቷ ሞታ በባህሏ መሠረት ሐዘን ላይ ስለነበረች በቀነ ገደቡ ውስጥ ቃሏን ልቀበል አልቻልኩም። ፈረምኩ። እውነቱን ብጽፍ ዘሀራ ታነበዋለች፤ ያነበበች ዕለት «አልሰማሁም» ያልኳት ሰው ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ የማውቅ እንደነበርኩ ታያለች። የፈራሁት ዳኛውን አልነበረም። እሷን ነው። እንጀራዬንም ፈርቼ ነበር፤ ይህንንም ልጨምር።

የሆቴሉ ጠበቃ መልሱን ሲሰጥ ያያያዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዘሀራን የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት። እናቷ ከሞተች በኋላም በየሺፍቷ ገብታለች። አንድ ቀን ኦቨርታይም ሳይቀር ሠርታለች። ዳኛው ችሎት ላይ ወረቀቱን አንስተው «ሐዘን ላይ ነበረች የተባለችው ሴት እስከ ሃያ ሰባተኛው ቀን በየሺፍቷ ሥራ ላይ ነበረች። ቃሏን ልቀበል አልቻልኩም የሚለውን ምክንያት አልቀበለውም» አሉ። ማራዘሚያው ተከለከለ። ሚስ ካሮል ዞረው አዩኝ። የዚያን ቀን አስተያየታቸውን ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ጥያቄ ነበር።

ፓርኪንግ ውስጥ መኪናቸው አጠገብ ሁሉንም ነገርኳቸው። በየሺፍቷ ሥራ የገባችው የእናቷ ሞት ስላልተነገራት እንደሆነ፣ ያልተነገራት ወንድሟን ስለሚጠብቁ እንደሆነ፣ ኬዙንም ያልነገርኳት እኔ እንደሆንኩ፣ «እያሰበችበት ነው» ያልኳቸው ሁሉ ውሸት እንደሆነ። ቁልፋቸውን በእጃቸው እንደያዙ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ይህ ምክንያት ነበር» አሉኝ። «ገባህ? ይህን ብትጽፍ ዳኛው ሊቀበሉት ይችሉ ነበር። ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን የቢሯችን መሆኑን ያዩ ነበር። ያንተ ውርደት የእሷ መውጫ ነበር።»

«አሁን እንጻፈው» አልኳቸው።

«የላይኛው ፍርድ ቤት የሚያነበው ታችኛው ፊት የነበረውን ብቻ ነው። ታች ያልገባ ነገር ላይ የለም።»

ሆኖም ሞከሩ። በመጀመሪያ ለዚያው ዳኛ እውነተኛውን ቃሌን አቀረቡ፤ ዳኛው ከመጀመሪያው የሚያውቀውን ያስቀረ ሰው በኋላ አዲስ ነገር አገኘሁ ሊል አይችልም አሉ። ከዚያ ክልከላውን ይዘው ወደ ላይኛው ፍርድ ቤት ሄዱ። ዘሀራ ሰዓቷ ስለተቀነሰ የይግባኙን ክፍያ አትችልም፤ ለማይችል ሰው ያለ ክፍያ ይግባኝ የሚባለው በፈቃድ ነው፤ ፈቃዱ የሚገኘው ደግሞ ዳኞቹ ይግባኙ ፍሬ አለው ብለው ሲያምኑ ነው። ሚስ ካሮል ለዚያች ማስፈቀጃ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌላ ሥራ አልነኩም። ዳኛው ማራዘሚያውን ሲከለክሉ አንድ ቀን መዘግየት ማንን እንደሚጎዳ አልመዘኑም ብለው ተከራከሩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ራሴ መደወል ነበረብኝ ብለውም ጻፉ። «የእርስዎ አይደለም» ብላቸው «ስሜ በሩ ላይ ነው» አሉኝ።

መልሱ በሁለት መስመር መጣ። ፈቃዱ ተከልክሏል። ከፍለን መቀጠል እንችል ነበር፤ ሆኖም ፍሬ የለውም ያሉት እነዚያው ዳኞች ናቸው።

ዘሀራ እስከዚያ ድረስ ጊዜ እንዳለፈና ማራዘሚያ እየተጠየቀ እንደሆነ ብቻ ነበር የምታውቀው። ሚስ ካሮል ጠሯት። ሺፍቷ ከሰዓት ስለነበር ማለዳ መጣች። ሌላ አስተርጓሚ እንዲመጣላት ጠይቀው ነበር፤ እኔ ግን ከእኔ አፍ ትስማው ብዬ ለመንኳቸው። ትንሽ አሰቡና ተስማሙ።

መጀመሪያ ይግባኙ እንደማይኖር ነገሯት፤ ተረጎምኩ። ሌላ ጠበቃ ይዛ እሳቸውን መክሰስ እንደምትችል ነገሯት፤ ተረጎምኩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አሁን ያንተን ንገራት። ከሁለተኛው ቀን ጀምረህ» አሉኝ።

ነገርኳት። «አልሰማሁም» ያልኳትንም ጨምሮ ምንም አላስቀረሁም። ዘሀራ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

«ያን ሰሞን ላውንደሪ ሆኜ በየብሬኩ ወንድሜ ጋ እደውል ነበር» አለች። «እማን ስጠኝ ስለው ተኝታለች ይለኛል። ስትነሳ ንገራት እለዋለሁ፤ ኬዜ ሊያልቅ ነው፣ ወደ ላይ ልመለስ ነው በላት እለዋለሁ። እሷም ሞታ፣ ኬዙም ሞቶ።»

ይቅር በይኝ አልኳት። ይቅር አላለችኝም፤ አልሰደበችኝም።

«ጋሼ፣ ሌላ የማላውቀው ነገር አለ?»

«የለም፣ እህቴ። በልጆቼ።»

አላመነችኝም። ከቦርሳዋ ስልኳን አወጣችና እዚያው ፊታችን ኮምቦልቻ ደወለች። እህቷን አናገረች፤ የእህቷን ልጆች አንድ በአንድ በስም ጠርታ «እሱን ስጪኝ፣ እሷን ስጪኝ» አለች። መጨረሻ ላይ «አባዬን ስጪኝ፣ ድምፁን ልስማ» አለች። የሽማግሌው ድምፅ ከስልኩ እስከ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር። ምን ሆነሽ ነው በዚህ ሰዓት አሏት። ምንም አልሆንኩም፣ ናፍቀኸኝ ነው አለቻቸው።

«ያ ክስሽስ እንዴት ሆነ?» አሏት።

ዘሀራ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

«ደህና ነው፣ አባዬ» አለች። «ደህና ነው። ዳኛው ገና ናቸው።»

ሚስ ካሮል ምን እንዳለች ጠየቁኝ። ተረጎምኩላቸው።